እትዬ ምናውቄ ባለሙያ ሲጠብቁ

ይህችን ዓለም ተሸክመው ያቆሟት «እኔ ምን አውቄ» የሚሉ ሰዎች ናቸው። መሪውን የጨበጡት ግን «ለእኔ ተዉት» የሚሉት ናቸው። ካላመናችሁኝ ዙሪያችሁን እዩ። ስለማያውቀው ነገር ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚያወራ ሰው በየአውቶቡሱና በየቢሮው ሞልቷል፤ እሱን ተዉት፣ ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። እኔ የማወራላችሁ ስለ ተቃራኒው ነው፤ እያወቀ ማወቁን ስለማያውቀው ሰው። እያንዳንዱ ሰፈር እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለው። ሰፈሩም ነገሩን ለውጭ ሰው አያወራም፤ ምክንያቱም በነጻ ነዋ!

የእኛን ሰፈር አምላክ የባረከው በክብርት እትዬ ምናውቄ ነው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው። አጠር ቀጠን ያሉ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ጉትቻ የሚያደርጉት በቀኝ ጆሯቸው ብቻ ነው። የግራው ለሥራ ነው።

ሃያ አራት ዓመት በውሃ መሥሪያ ቤት የሠሩት ሥራ መስማት ነው። እውነቴን ነው፣ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበረው ለመስማት ነበር። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የእንጨት ዘንግ አላቸው፤ አንዱ ጫፉ ሾል ያለ፣ ሌላው ጫፉ እንደ ኩባያ አፍ ሰፋ ያለ። ሾል ያለውን መሬቱ ላይ ወይም ቧንቧው ላይ ያቆሙታል፤ ሰፊውን ግራ ጆሯቸው ላይ ይደግፉትና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ መንገዱ ሥር የተቀበረው ቧንቧ የት ጋ እንደሚያፈስ ያውቁታል። በጠመኔ ምልክት አድርገው ይሄዳሉ። ቆፋሪ ይቆፍራል፣ ቀዳዳው ይገኛል፣ ኢንጂነሩ ሪፖርቱ ላይ ይፈርማል። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ የእሳቸው ስም አንድም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። የሥራ መደባቸው «ረዳት» ነው የሚለው። የማን ረዳት እንደነበሩ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ከስምንት ወር በፊት መሥሪያ ቤቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስሚያ ገዛና የአድማጮችን ክፍል ዘጋ። እትዬ ምናውቄን አመስግኖ፣ የግድግዳ ሰዓት ሸልሞ ሸኛቸው። ዘንጉንም «አያስፈልገንም፣ ይውሰዱት» አላቸው። እንግዲህ ሰው ከነሙያው ቤቱ ሲላክ እንዲህ ነው።

አሠራራቸው ሦስት ደረጃ አለው፤ ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቄ ልጄ!» ይላሉ። ቀጥሎ ያገኙታል። በመጨረሻ ዘንጋቸውን አቅፈው ሲወጡ «ለማንኛውም ባለሙያ ጥሩ» ይላሉ። ይቺ ሦስተኛዋ ናት እኔን የምታሳብደኝ።

የመጀመሪያ ቀን ቤቴ የገቡት ሽንኩርት ገዝተው ሲመለሱ ነው። የዚያን ወር የውሃ ሂሳቤ ሦስት እጥፍ መጥቶ፣ እኔ ባለቤቴን ገላዋን ስትታጠብ ትቆያለች እያልኩ፣ እሷ እኔን ስላጭ ውሃውን ክፍት አድርጌ እዘፍናለሁ እያለች፣ ትዳራችን በአንድ ቆጣሪ ሊፈርስ ነበር። ውሃውን መክፈቴን ክጃለሁ፣ መዝፈኑን አምኛለሁ። በመጨረሻ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለውን የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ዶክተር ጥቁር የቆዳ ሻንጣ አለው። ሻንጣውን ሲከፍት ራሱ ሰው ይድናል። ግቢዬን ሦስት ቦታ ቆፈረና ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጥሩ ደረቅ አፈር አወጣልኝ። አራተኛውን ሊጀምር ሲል እትዬ ምናውቄ በበር ብቅ አሉ።

«ምነው፣ ዛፍ ልትተክሉ ነው?»

ነገርኳቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉና ሽንኩርታቸውን ለባለቤቴ ሰጥተው ሄደው ዘንጋቸውን አመጡ። ሁላችንንም ዝም አሰኙን። ፍሪጁን አስነቀሉ። ጎረቤት ሬዲዮ እንዲቀንስ ላኩ። እንደ ሐኪም አጎንብሰው ሁለት ቦታ አዳመጡና ከደረጃው ሥር በጠመኔ አሰመሩ። «እዚህ ጋ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ከመርፌ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ለማንኛውም ባለሙያ ጥሩ።»

«ባለሙያማ ይኸው ቆሟል!» አልኩ ዶክተርን እያሳየሁ።

«እንግዲያው ጥሩ፤ እሱን ጠይቁት» አሉና ወጡ። ዶክተር ቆፈረ፤ ውሃው ፊቱን መታው። ለዶክተር ከነጉድጓዶቹ ከፈልኩ። ለእትዬ ምናውቄ ልከፍል ስሮጥ «በል ሂድ፣ አታሳፍረኝ!» ብለው አንድ ሎሚ ከዛፌ ቆርጠው ሄዱ። አንዲት ሎሚ! ያን ቀን ማታ ስለ ትሕትናቸው ለባለቤቴ ረጅም ንግግር አደረግሁ። የሰው ትሕትና በነጻ ሲገኝ እንዴት እንደሚያስደንቅ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ በኋላማ ያልገቡበት ቤት የለም። አራስ ሊጠይቁ ሄደው ሕፃኑን ከማየታቸው በፊት «የሽንት ቤታችሁ ታንከር አይዘጋም» ይላሉ። የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ስለ ጥበቃ ሲናገር እጃቸውን አውጥተው «እኔ ምን አውቄ፣ ግን ከአንተ ኋላ ያለው ግድግዳ ያለቅሳል» ብለው ነበር። ሰብሳቢው እሱን የነኩት መስሎት አኮረፈ። በሳምንቱ ግድግዳው ልስኑን ጣለ፣ ሰብሳቢውም ኩርፊያውን።

ዶክተርስ ምን አደረገ? ብልጥ ነው፤ ስልክ ቁጥራቸውን ያዘ። ደንበኛ ቤት ገብቶ ሲጨንቀው ወደ መታጠቢያ ቤት ይገባና ስልኩን ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። እሳቸው ማዶ ሆነው፣ ልብስ እያጠቡ፣ «ከፍ አድርገው… አሁን ወደ ቀኝ… እዚያው ነው፤ የብረት ቧንቧ ነው፣ ድምፁ ቀጭን ነው» ይሉታል። ዶክተር ይወጣና «ምርመራዬን ጨርሻለሁ» ይላል። አንድ ቀን ይህን ደርሼበት እትዬ ምናውቄን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ይኼ ሰው እኮ በእርስዎ ጆሮ ነው የሚበላው!»

«ተው አንተ፣ እሱ ባለሙያ ነው።»

«በምን?»

ትንሽ አሰቡ። «ሻንጣ አለው» አሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእሳቸው ጆሮ ደግሞ ከባዳም ባዳ ነው፤ ሦስት ክንድ መሬት ውስጥ ያለውን ሹክሹክታ ይሰማል፣ ሰፈሩ በአደባባይ ስለ እሳቸው የሚለውን ግን አይሰማም። አባታቸው «ሙያ በልብ» እያሉ ነው ያሳደጓቸው። ጥሩ አባባል ነው፤ አልቃወምም። ግን አባባሉን ያወጣው ሰው የቤት ኪራይ አልነበረበትም ብዬ እጠረጥራለሁ።

እትዬ ምናውቄ ግን ነበረባቸው። ስምንት ወር ያለ ደመወዝ ቀልድ አይደለም። የቀኙ ጉትቻቸው አንድ ቀን ጠፋ፤ «ከበደኝ» አሉን። ሻይ ላይ ስኳር ተዉ፤ «ጥርሴን» አሉን። እኛም አመንን፤ ማመን ወጪ የለውማ! ያላመኑት ታላቅ እህታቸው ብቻ ነበሩ። እኚህ እህት የሰው ችግር ሲያዩ ወዲያው ሥራ የሚያስይዙ ሴትዮ ናቸው፤ ችግረኛው ፈለገም አልፈለገም። አንድ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት የመቁረጥ ሥራ አገኙላቸው። ትኬት የሚቆረጥባት ዳስ ከደረት በላይ መስታወት፣ ከደረት በታች ቆርቆሮ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጡሩምባ ይነፋባታል።

«አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ትጀምሪያለሽ። እኔ ቃል ገብቻለሁ» አሉ እህትየው፣ እኔም ባለሁበት።

«እሺ እትአበባ።» እትዬ ምናውቄ አንገታቸውን ደፉ።

«ዘንጉን ደግሞ ወይ ጣይው ወይ ምርኩዝ አድርጊው።»

ሥራ ክቡር ነው፤ ትኬት መቁረጥም ሥራ ነው። ግን ያ ጆሮ ከጠዋት እስከ ማታ ጡሩምባ ሲጠጣ ስንት ወር ይቆያል? «እትዬ፣ ለምን በራስዎ አይሠሩም? የሚያውቁትን ሥራ፣ እያስከፈሉ?» አልኳቸው እህታቸው ሲወጡ።

«እኔ?» ሳቁ። «እኔ ረዳት ነኝ እኮ ልጄ። ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ለሚያውቅ ነው። ብሳሳትስ? ግድግዳ አስፈርሼ ባዶ ቢሆንስ? መሥሪያ ቤት እያለሁ ኢንጂነሩ ነበር የሚጠየቀው። አሁን ማን ይጠየቅልኛል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ትሕትና እያልን የምናደንቀው ነገር ፍርሃት ነበር። እኛም ሰፈርተኞቹ ፍርሃታቸውን እንደ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስን ነበር የምንበላው። አፈርኩ። ማፈሬን ግን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፤ እኔም ፈሪ ነኝ።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። በዚያው ሐሙስ፣ እኔ አምድ የምጽፍበት ጋዜጣ ቢሮ የተከራየበት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ውሃ ጠፋ። ጠፋ ስላችሁ፣ ከታንከሩ ይወጣል፣ የሚደርስበት ግን አይታወቅም። ምድር ቤቱ ረጥቧል፤ ባለ መሣሪያ ድርጅት መጥቶ በመግቢያው አዳራሽ እብነ በረድ ላይ ሰባት ቦታ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎ ሄዷል። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ያንን እብነ በረድ ከልጆቹ አስበልጦ የሚወድ ሰው ነው። ሊፍት ውስጥ ሳገኘው ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሰባት ቦታ ልሰብረው ነው» አለኝ።

«ቆይ፣ እኔ የማውቃቸው ባለሙያ አሉ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ይምጡልህ» አልኩት።

ከዚያ ለእትዬ ምናውቄ ደወልኩ። «እትዬ፣ ሕንፃችን ውሃ እያፈሰሰ ነው፣ ባለሙያ ይፈለጋል። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ይምጡልኝ።» «እመጣለሁ እንጂ፣ ምን ገዶኝ!» አሉ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለታቸው ገርሞኝ ነበር። መጠርጠር ነበረብኝ።

ዓርብ ጠዋት አምዴን ማስረከቢያ ሰዓት ደርሶብኝ ከፎቅ አልወረድኩም። በአራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ስልኬ ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ እየተሳደበ ነው። ሮጬ ወረድኩ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰባሪዎች መዶሻና መሮ ይዘው ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ፈትቶታል። አጠገቡ፣ የእንግዳ ወንበር ላይ፣ እትዬ ምናውቄ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ወለሉን አይነካም፣ ዘንጋቸው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ጋዜጣው የእኛ ነው፤ እንዲያውም የእኔ አምድ ያለበት ገጽ ነው። እጃቸው ላይ ሥራ አስኪያጁ ያስመጣላቸው ሻይ አለ።

«የታል ባለሙያህ?» ጮኸብኝ። «አርባ ደቂቃ! እኚህ እናት እንኳ ከአራት ሰዓት ጀምረው እየጠበቁት ነው! አያሳዝኑህም?»

እትዬ ምናውቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ታደርገዋለህ ልጄ» አሉት እያጽናኑት፣ «የዛሬ ባለሙያ እንዲህ ነው። ሰው ያስጠብቃል።»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁት፤ አይቀልዱም። ሴትዮዋ አርባ ደቂቃ ሙሉ ራሳቸውን እየጠበቁ፣ ቀረ ብለው ራሳቸውን ሲያሙ ነበር!

«ጌታው» አልኩት ሥራ አስኪያጁን፣ «ባለሙያዋ እኚህ ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው ደግሞ ወደ ኋላቸው ዞሩ። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ነው።

«እኔ?» አሉ። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ! ዕቃ ላቀብል ነው የመጣሁት!»

ሥራ አስኪያጁ ከላስቲክ ጫማቸው ጀምሮ እስከ ሻሻቸው ድረስ በዓይኑ ለካቸው። ሻንጣ የለም፣ መሣሪያ የለም፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ እንጨት ብቻ። «አሾፍክብኝ» አለኝ በዝግታ። ከዚያም ወደ ሰባሪዎቹ ዞሮ፣ «በሉ፣ ከአንደኛው ምልክት ጀምሩ» አለ። ፊቱን አዙሮ በእጁ ሸፈነ፤ ሊያይ አልቻለም።

ሰባሪው መሮውን እብነ በረዱ ላይ አቆመ። መዶሻውን አነሳ።

«እዚያ አይደለም!»

ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ማን እንደጮኸ ዙሪያዬን አየሁ። እትዬ ምናውቄ ቆመዋል፤ ሻዩ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «እኔ ምን አውቄ» ሳይቀድመው የወጣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቢሆንም ይሁን።

«ፓምፑን አጥፉ» አሉ ጋዜጣውን እየቀደዱ። አምዴ መሬት ወደቀ። «ሊፍቱን አቁሙ። ማራገቢያዎቹንም። እናንተ ደግሞ መተንፈስ ካለባችሁ ውጭ ወጥታችሁ ተንፍሱ።»

ምን እንደነካው አላውቅም፣ ሥራ አስኪያጁ ታዘዘ። ዘጠኝ ፎቅ ጸጥ አለ። ሰው በየደረጃው ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። እትዬ ምናውቄ በቀዩ ምልክት ሁሉ ላይ እየተንበረከኩ አዳመጡ፤ ከሰባተኛው ተነሥተው ግድግዳ ግድግዳውን ሄዱ፣ ደረጃውን ዞሩ፣ የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገቡ። መጥረጊያዎቹን ገፍተው ሴራሚኩ ላይ ዘንጋቸውን ደገፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን ያህል እንደቆዩ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ግን ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር።

«አዳራሹ ሥሩ ባዶ ነው፤ እንደ ከበሮ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ድምፁ እዚያ ይጮኻል እንጂ እዚያ አልተወለደም። ብረቱ ነው ተሸክሞ የወሰደው። ሕመሙ እዚህ ነው።» በጠመኔ ምልክት አደረጉ።

ሥራ አስኪያጁ ግን የሥራ አስኪያጅነቱ መጣበት። ግድግዳ ለማፍረስ ቅጽ አለ። አስመጣና ባልዲ ላይ ዘረጋው። «እዚህ ይፈርሙልኝ» አለ። «እውነቱን ልንገርዎት እናቴ፣ ይኼ ግድግዳ አዲስ ነው። ተሳስተው ከተገኙ የሚያሠሩት እርስዎ ነዎት።»

ቅጹን አጎንብሰው አዩት። እኔም በትከሻቸው ላይ አየሁት። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፦ «ባለሙያ» ይላል፣ ከዚያ ነጥብ ነጥብ። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «ረዳት» የሚል ቦታ እየፈለጉ እንደሆነ ገባኝ። የለም።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ይኼ የባለሙያው ቦታ ነው።»

«አዎ እትዬ።»

«ባለሙያው ደግሞ አልመጣም።»

«ከሁላችንም ቀድሞ ነው የመጣው» አልኳቸው።

እስክሪብቶውን ያዙ። ሰኞ ያቺ የመስታወት ዳስ አለች፤ ምንም አትጠይቃቸውም፣ ትኬት ሲቆርጥ የሚሳሳት ሰው የለም። እዚህ ደግሞ ከተሳሳቱ በሌላቸው ገንዘብ የሰው ግድግዳ ያሠራሉ። ዘንጋቸውን እንደገና አንስተው ምልክቱ ላይ አቆሙ። አዳመጡ። ከዚያ ተመልሰው መጡና መስመሩ ላይ ስማቸውን ጻፉ፤ ሙሉ ስማቸውን፣ ከነአባታቸው ከነአያታቸው፣ እንደ ተማሪ እየተጠነቀቁ፣ መስመሩ አልቆ ኅዳጉ ላይ እስኪወጡ ድረስ። ስማቸውን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። እንዴት ያለ ጥሩ ስም መሰላችሁ!

ሰባሪው መታ። ሴራሚኩ ወደቀ። ልስኑ ወደቀ። ጡቡ ወጣ።

ደረቅ ነበር።

አቧራው ቦነነ። ሥራ አስኪያጁ «ይኸው!» አለ። ከደረጃው ላይ የሆነ ሰው ሳቀ። እኔ በሆዴ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደረደርኩ፤ ከዚያም በላይ «እኔ ምን አውቄ» የምትለዋ እስክትመጣ ጠበቅሁ። አሁን ይሏታል፣ ዘንጋቸውን ያነሣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሰኞ ዳሷ ውስጥ ይገባሉ፤ አለቀ። እትዬ ምናውቄ በአቧራው ውስጥ ተንበረከኩና የተከፈተው ቀዳዳ ውስጥ ዘንጋቸውን ሰደዱ።

«አንድ ስንዝር ዝቅ በል» አሉት ሰባሪውን። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «በል ምታ። እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

መታ። ግድግዳው አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ከዚያ ውሃው ወጣ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ የሥራ አስኪያጁን ሸሚዝ ከአንገት እስከ ቀበቶ አጠበው። ሰውዬው እንደ ሕፃን ሳቀ። እብነ በረዱ ድኗላ! ዘጠኙ ፎቅ አጨበጨበ። የጽዳት ሠራተኞቹ እትዬ ምናውቄን አቅፈው አነሷቸው። እኔስ? እኔ አለቀስኩ። አቧራ ነው ልላችሁ ነበር፤ ግን ምን ያስዋሸኛል፣ አለቀስኩ።

ውሃው ከተዘጋ በኋላ ሥራ አስኪያጁ፣ እየተንጠባጠበ፣ «ስንት ልክፈልዎት?» አላቸው። የዛፌ ሎሚ ትዝ አለኝ። እትዬ ምናውቄ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እኔን አዩ፣ ቅጹን አዩ።

«ሁለት ነው» አሉ። «የሰማሁበት አለ፤ የጠበቅሁበት አለ።»

«የጠበቁበት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ባለሙያዋን አርባ ደቂቃ አስጠብቃችኋታላ!»

ከፈለ። ሁለቱንም ከፈለ፣ እየሳቀ።

ቅዳሜ እህታቸው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ለሰኞ ተዘጋጀሽ?» አሉ።

«ሰኞ አይመቸኝም እትአበባ። ሥራ አለኝ።»

«እኮ፣ ትኬቱ።»

«የለም፣ የእኔ ሥራ።»

እህትየው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉት አጡ። ከዚያ አገኙ፤ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ እየደወሉ «እህቴ እኮ ባለሙያ ናት፣ እኔ ነኝ በራሷ እንድትሠራ የመከርኳት» ማለት ጀመሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ቤት አስገኙላቸው። ማስታወቂያ ማለት ታላቅ እህት ነው።

ዶክተርም መጣ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ይሰድቡታል ብዬ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ነበር፤ አልሰደቡትም። «ከእንግዲህ ግድግዳ በስልክ አላዳምጥም። እኔ እሰማለሁ፣ አንተ ትጠግናለህ። ደንበኛው የእኔ ነው» አሉት። ዶክተር እሺ አለ። አሁን አብረው ሲሄዱ ብታዩ እሳቸው ከፊት ናቸው፤ ሻንጣው ከኋላ ይከተላል።

የአድራሻ ካርዳቸውን ጽሑፍ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። «ምናልባት» የምትል ቃል ትግባ ብለው ግማሽ ቀን ተከራከሩኝ። አሸነፍኳቸው። «ውሃ የሚጠፋበትን ቦታ እሰማለሁ» ይላል፣ ከሥሩ ያ ጥሩ ስማቸው፣ ከስሙ አጠገብ «ባለሙያ»። የቀኙም ጉትቻ ተመልሷል፤ አልከበዳቸውም።

ባለፈው ሳምንት እቤቴ ጠራኋቸው። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ያሰጋኛል አልኳቸው። መጡ፣ ፍሪጁን አስነቀሉ፣ አዳመጡ፣ ዘንጋቸውን ጠቀለሉ።

«ምንም የለበትም» አሉና ደረሰኛቸውን አወጡ። ጻፉበት።

«እንዴ እትዬ! ምንም ካልተገኘ ምን ያስከፍለኛል?»

«ምንም እንደሌለበት ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

ባለቤቴ ከማድ ቤት ሳቀች። ተያዝኩ። «ያውቃሉ እንጂ!» አልኳቸው። «እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል?»

«እንግዲያው ክፈል።»

ከፈልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የከፈልኩት ገንዘብ የለም፤ ከአንገት በላይም አይደለም። በር ላይ ስሸኛቸው ሳልጠየቅ ተናዘዝኩ። ግድግዳው ደህና እንደሆነ አውቅ ነበር። ያኔ በአንዲት ሎሚ ብቻ ያለፉኝን ዕዳ መክፈል ፈልጌ፣ በደህናው ቀን ብሰጣቸው አልቀበልም ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው የጠራኋቸው።

እትዬ ምናውቄ ደረሰኛቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «አውቄያለሁ» አሉ። «ስትደውልልኝ ከድምፅህ ሰምቼዋለሁ።»

ከዛፌ አንድ ሎሚ ቆርጠው ሄዱ።